አሮጌ ሸክላ ማጫወቻ ጠግኖ ከሪሲቨር ጋር ማገናኘት፦ ከስፒናው እስከ መርፌው

ለገጣፎም ይሁን ሰበታ፣ ቱሉ ዲምቱም ይሁን ሱሉልታ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ሸክላ ማጫወቻ አይጠፋም። ባለቤቱን ብትጠይቁት "ተበላሽቷል" ይላችኋል። ምኑ ነው የተበላሸው? አያውቅም። አንድ ቀን ተሰካ፣ አልዞረም ወይም ድምፁ ጎረነነ፣ ተነቀለ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ የሚጠብቀው ቆራሌውን ነው።

እኔ ግን እነዚህ ዕቃዎች አብዛኛውን ጊዜ አልሞቱም ባይ ነኝ። ወይ ግራሶ ደርቆባቸዋል፣ ወይ ቺንጋቸው ላልቷል፣ ወይ የማይስማማቸው መብራት ተሰጥቷቸዋል፣ ወይ የተሳሳተ ቀዳዳ ላይ ተሰክተዋል። አራቱም ቤት ውስጥ የሚፈቱ ናቸው። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መብራቱ፣ ቀጥሎ መዞሩ፣ ከዚያ መርፌው፣ መጨረሻ ላይ ማገናኘቱ። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ሪሲቨር ላይ ይሰካና የአባቱን ሸክላ ያስቀምጣል። በደነዘዘ መርፌ ሲፍቀው ይውላል።

ሪሲቨር ስል የዲሹን ማለቴ አይደለም። ሬዲዮና አምፕሊፋየር በአንድ ሳጥን የያዘውን፣ ስፒከር የሚሰካበትን ነው። ፓዮኒር፣ ሳንሱይ፣ ኬንውድ፣ ማራንዝ የሚል ስም የተጻፈበት።

ለሥራው ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ ጥጥ፣ አልኮል፣ ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት፣ የስፌት ማሽን ዘይት፣ ትንሽ ግራሶና ውሃ ልክ ያስፈልጋችኋል። አልኮሉ ከ90 ፐርሰንት በላይ ቢሆን ይመረጣል። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 ፐርሰንቱም ይሠራል። ግን ውሃ ስላለበት በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ከመሰካት በፊት

መጀመሪያ መርፌውን የተሸከመውን ክንድ እሰሩት። የሚዞረውን ሳህንና ከክንዱ ኋላ ያለውን ክብደት አውልቁ። ከዚያ ማጫወቻውን ገልብጡና የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። "220" ወይም "240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ" ካለ ተመስገን፣ የኛው መብራት ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ከሆነ ግን "120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ" ይላል። ይሄ በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል።

ለቮልቱ መፍትሔው 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። መርካቶ በየመጠኑ አለ። ማጫወቻው ራሱ ብዙ መብራት አይበላም፣ አነስተኛው ይበቃዋል። ሪሲቨሩም የአሜሪካ ከሆነ ግን ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት አይታችሁ ከዚያ ከፍ ያለውን ግዙ። አንዳንድ ሪሲቨሮች ጀርባቸው ላይ ቮልት መምረጫ ስላላቸው መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ከዚህ በኋላ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይነካውም። በድሮዎቹ ማጫወቻዎች ላይ የሚበዛው ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። ለ60 የተሠራው በ50 ሲነዳ በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር ያለበት ሳህን ወደ 28 ገደማ ይወርዳል። ሙዚቃው ከሦስት ሴሚቶን በላይ ይጎረንናል። ትዝታው ይብሱን ያዘግማል፣ የሴት ድምፅ የወንድ ይመስላል። "ተበላሽቷል" ከተባሉት ውስጥ ስንቱ በዚህ ምክንያት ብቻ ቁም ሳጥን ላይ እንደወጣ ቤት ይቁጠረው።

ሁሉም ማጫወቻ ግን እንዲህ አይደለም። በዲሲ ሞተር የሚሠራ ወይም እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ያለ፣ ሞተሩ ሳህኑን በቀጥታ የሚያዞር ከሆነ ኸርዝ አያስጨንቀውም። ትክክለኛ ቮልት ከሰጣችሁት ይበቃዋል። ፍጥነቱን በትንሹ የሚያስተካክል ቁልፍ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው።

ከኸርዙ ጋር የሚሄድ ሞተር ከሆነባችሁ ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ፑሊ መቀየር ነው። ለ50 ኸርዝ የምትሆነው ፑሊ ከ60ው በ20 ፐርሰንት ትወፍራለች። የፋብሪካዋ ካልተገኘች ቶርኖ ቤት ሂዱ። አሮጌዋን ይዛችሁ ከነሐስ አስቀርጹ። ባለሙያው ትንሽ አስተርፎ ይቁረጣት፣ ከዚያ ፍጥነቱን እየለካችሁ ይላጋት። የቺንጋው ውፍረትም በሒሳቡ ስለሚገባ በአንድ ጊዜ ልክ አትመጣም።

ስለ ሰፈራችን መብራትም ላንሳ። መስመሩ ጫፍ ላይ ያለን ሰዎች ማታ ማታ ቮልቱ ሲወርድ አምፖሉ ሲፈዝ እናየዋለን። ስታቢላይዘር ለሪሲቨሩ ጥሩ ነው። በጄኔሬተር ሸክላ መስማት ግን አይመከርም። ጭነት በተቀየረ ቁጥር ኸርዙ ስለሚዋዥቅ ዘፈኑም አብሮ ይዋዥቃል። ርካሽ ኢንቨርተርም ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ ያሞቀዋልም። መብራት ሲሄድ ደግሞ ወዲያው ክንዱን አንሱና ስፒናውን ንቀሉ። ተመልሶ ሲመጣ የሚረጨው ቮልት ለአሮጌ ዕቃ ጠላት ነው።

ሪሲቨሩ ለዓመታት ሳይበራ የቆየ ከሆነ ሶኬት ላይ በቀጥታ አትሰኩት። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ አለ። ከዲቫይደሩ ገመድ አንዱን ሽቦ ቆርጣችሁ ከ60 እስከ 100 ዋት የሚሆን ባለ ክር አምፖል በመሀል ታስገባላችሁ። ኤልኢዲ አይሆንም፣ የድሮው ቢጫው አምፖል ነው የሚፈለገው። ሪሲቨሩን በዚያ በኩል ስታበሩት አምፖሉ ቦግ ብሎ ወዲያው ከፈዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ ማለት ነው፣ ቶሎ ንቀሉ። ሽቦ መቁረጥና መቀጠል ካልለመዳችሁ ኤሌክትሪሺያን ይሥራላችሁ። ክዳኑንም አትክፈቱ። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።

እንዲዞር ማድረግ

ሳህኑን አንሱና ከሥር ያለውን ተመልከቱ። ሦስት ዓይነት ነው የምታገኙት። ባለ ቺንጋ፣ ጠርዙ ጎማ የሆነ ትንሽ መንኮራኩር ያለው፣ ወይም ሳህኑ በቀጥታ ሞተሩ ላይ የተቀመጠበት።

ባለ ቺንጋው ይበዛል። ቺንጋው ከላላ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ቀልጦ ሬንጅ ከሆነ መቀየር ነው። የቀለጠውን በአልኮልና በጥጥ ሙልጭ አድርጋችሁ አጽዱ፣ ፑሊው ላይ ምንም እንዳይቀር። የአዲሱን ልክ ለማወቅ ክር ውሰዱ። ቺንጋው የሚሄድበትን መንገድ በሙሉ፣ ከውስጠኛው ሳህን እስከ ሞተሩ ፑሊ፣ በክሩ አዙሩና ለኩ። ከርዝመቱ 5 ፐርሰንት ገደማ ቀንሱ። የምትገዙት ቺንጋ ዙሪያ እሱ ነው። በጣም ከጠበበ ሞተሩን ያስጨንቃል፣ ከሰፋ ይንሸራተታል።

ከብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠው የሚያስገቡ አሉ። የብር ላስቲክ የሚያስሩም አይቻለሁ። ሞተሩ መሥራቱን ለማየት ይሁን፣ ግድ የለም። ለማዳመጥ ግን አይሆንም። በመቀስ የተቆረጠ ጎማ ውፍረቱና ስፋቱ እኩል ስለማይሆን ረጅም ኖታ በመጣ ቁጥር ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ለክራርና ለዋሽንት ደግሞ ከዚህ የባሰ የለም።

ባለ ትንሽ መንኮራኩሩ ላይ ጎማው ጠንክሮ አብረቅርቆ ይሆናል። ጠርዙን በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሹት፣ በአልኮል ጥረጉት፣ ፑሊውንም እንዲሁ። ዘይት ጎማው አጠገብ እንዳይደርስ።

ቀጥሎ ሳህኑ የሚዞርበት ዘንግ። ዘንጉን ሳቡና አሮጌውን ዘይት ከዘንጉም ከጉድጓዱም ጥረጉ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ከሥር ትንሽ የብረት ኳስ ልትኖር ትችላለች፣ ተንከባልላ አልጋ ሥር ከገባች ጣጣ ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት አድርጋችሁ መልሱት። የምግብ ዘይት በጭራሽ። ደርቆ ይጣበቃል።

ክንዱ በራሱ ተነስቶ የሚመለስበት አውቶማቲክ ማጫወቻ ከሆነ መሀል መንገድ ላይ ገገም ማለቱ የተለመደ ነው። ሞተሩ ተቃጥሎ አይደለም። ሆዱ ውስጥ ያሉት ማርሾችና ዘንጎች የተቀቡት ግራሶ ደርቆ ነው። በጉልበት አትግፉት፣ የሚሰበረው ያኔ ነው። ከሥር ክፈቱ፣ ደረቁን ግራሶ በአልኮል አሟሙታችሁ አንሱ፣ አዲስ በስሱ ቀቡ። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ግን አውቶማቲኩን የሚያድነው እሱ ነው።

ባለ ቀጥታ ሞተሩ ፍጥነቱ የሚዘል ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ፍጥነት ማስተካከያው ቁልፍ ላይ ነው። ስፒናውን ነቅላችሁ ቁልፉን ደጋግማችሁ ወዲያና ወዲህ አዙሩት። ካልተሻለው ለኤሌክትሪክ ግንኙነት የሚሆን ማጽጃ ስፕሬይ እርጩበት። ለዛገ ብሎን የሚሆነውን ስፕሬይ ግን አይደለም።

አሁን ፍጥነቱን ለኩ። አፕ ማውረድ አያስፈልግም። ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፉ፣ የስልካችሁን ሰዓት ያዙና ቁጠሩ። በ3 ደቂቃ 100 ዙር ከዞረ ልክ 33 ከሲሶ ነው። ለትንሹ ሸክላ በ1 ደቂቃ 45 ዙር።

መርፌውና ክንዱ

ሸክላ የሚገድለው መርፌ ነው። የአልማዝ መርፌ ዕድሜው ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ገደማ ነው። ዳንቴል ሥር የቆየው ስንት እንደሠራ ማንም አያውቅም። በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ወይም በማጉያ መነጽር እዩት። ጫፉ ከተጎረደ ወይም የተሸከመው ቀጭን ዘንግ ከተጣመመ ጣሉት። ጥርጣሬ ካላችሁም ቀይሩት። ከሁሉም ጥገና ገንዘብ የሚገባው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ካርትሪጁ ላይ፣ ማለትም መርፌዋ የተሰካችባት ትንሽ ሳጥን ላይ፣ የተጻፈውን ስምና ቁጥር መዝግቡ። መርፌ የሚገዛው በዚያ ነው። የምታጸዱት ከኋላ ወደ ፊት ብቻ በለስላሳ ብሩሽ ነው። ወደ ጎን ከጠረጋችሁ ዘንጉ ይጣመማል።

ማጫወቻውን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ ሳህኑን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ከዚያ ሚዛኑን ሥሩ። ክንዱ ወደ መሀል እንዳይሳብ የሚያደርገውን የአንቲስኬቲንግ ቁልፍ ዜሮ ላይ አድርጉ። የኋላውን ክብደት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያዞራችሁ ክንዱ ሳይወድቅ ሳይነሳ አየር ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጉ። ክብደቱ ላይ ያለችውን ቁጥር ብቻ ወደ ዜሮ አዙሩ። አሁን ሙሉ ክብደቱን አዙራችሁ ካርትሪጁ የሚፈልገውን ግራም ስጡት። ማግኔት ለሚጠቀሙት ካርትሪጆች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው። የአንቲስኬቲንጉን ቁልፍም እዚያው ቁጥር ላይ አድርጉት። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙባት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች።

መርፌው ሲዘል ክንዱ ላይ ሳንቲም መጫን የቆየ ልማድ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሸክላው ይታረሳል፣ መዝለሉ ግን ምክንያቱ አልተነካም። ግራሙን በጣም ማቅለልም ቢሆን ጥሩ አይደለም። የቀለለ መርፌ በመስመሩ ውስጥ እየተላጋ ግድግዳውን ይቦጫጭቃል። ካርትሪጅ ሠሪው ከሰጠው ልክ አትውጡ።

ማገናኘት

ሁለቱም ይጥፉ፣ ድምፁ ዜሮ ላይ ይሁን። ከማጫወቻው ሁለት ጃኮች ይወጣሉ፣ የዲቪዲ ኤቪ ገመድ ዓይነት። ቀዩ የቀኝ ነው፣ ነጩ ወይም ጥቁሩ የግራ። የሚሰኩት ሪሲቨሩ ጀርባ "ፎኖ" የተባለው ቦታ ላይ ነው። ሌላ ቦታ አይደለም።

ለምን? የማግኔት ካርትሪጅ የሚያወጣው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ኦክስ የሚባለው ቀዳዳ ደግሞ ከ150 ሚሊቮልት በላይ ይጠብቃል። ኦክስ ላይ ከሰካችሁት ከሩቅ እንደምትሰማ ትንኝ ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው። ሌላም ምክንያት አለ። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ አርአይኤኤ በሚባል አንድ መለኪያ ይሠራል። ፎኖው ድምፁን ከማጉላቱ ሌላ ይህንን ይገለብጠዋል። ቤዙ የሚመለሰው እዚያ ነው።

ሪሲቨራችሁ ፎኖ ከሌለው ፎኖ ፕሪአምፕ የምትባል ትንሽ ሳጥን መሀል ታስገቡና ከእሷ ወደ ኦክስ ትሰካላችሁ። ማጫወቻው ውስጡ ፕሪአምፕ ካለው ደግሞ ጀርባው ላይ "ፎኖ" እና "ላይን" የሚል መቀየሪያ አለ። ላይን ላይ ካደረጋችሁት ኦክስ፣ ፎኖ ላይ ካደረጋችሁት ፎኖ። ሁለት ጊዜ ከጎላ ድምፁ ይፈነዳል።

ከድሮ ሬዲዮግራም የወጣ ወይም የርካሽ ሻንጣ ማጫወቻ ከሆነ ካርትሪጁ ሴራሚክ ሊሆን ይችላል። እሱ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ስለሚያወጣ ቦታው ኦክስ ነው።

የአውሮፓ ማጫወቻዎች፣ ፊሊፕስና ዱዋል ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፣ ባለ 5 እግር ክብ ጃክ ይዘው ይመጣሉ። ወደ ቀይና ነጭ የሚቀይር አዳፕተር አለ። ራሳችሁ የምትበይዱ ከሆነ 3ኛው እግር ግራ፣ 5ኛው ቀኝ፣ 2ኛው የጋራ ግራውንድ ነው።

ከጃኮቹ ጋር አንድ ቀጭን ሽቦ ይመጣል። ብዙ ሰው ትርፍ መስሎት ይቆርጠዋል። ግራውንድ ነው፤ ሪሲቨሩ ላይ "ጂኤንዲ" ከተባለው ብሎን ጋር ይታሰራል። ብሎኑ ከሌለ ከሪሲቨሩ የብረት አካል አንዱን ብሎን አላልታችሁ ከሥሩ አስገቡት። ይህንን ሽቦ ከቧንቧም ሆነ ከግድግዳው ሶኬት ጋር እንዳታያይዙት። ዳር ላይ በተሠሩ ብዙ ቤቶች የሶኬቱ ግራውንድ ስም ብቻ ነው፣ መሬት ውስጥ የገባ ነገር የለም። አንድ ዕቃ መብራት ቢያፈስ በዚያ ሽቦ ዞሮ ወደ እናንተ ይመጣል።

ስፒከሮቹን ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አገናኙ። ማጫወቻውን ስፒከሩ ላይ አታስቀምጡ፣ እንዲያው በአጠገቡም አይሁን። ቮልቱን የሚያወርደውን ትራንስፎርመር ደግሞ ከካርትሪጁ ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁት።

የመጀመሪያው ሸክላ

በቤታችሁ ያለውን የድሮዎቹን ሸክላ አሳታሚዎች፣ የአምሃ ሪከርድስን ወይም የካይፋን ሸክላ ለሙከራ አታውጡ። አምሃ ሪከርድስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ካሴት ገበያውን ሲወስደው የኛ ሸክላ ሥራ ቆመ፣ ስለዚህ የተጫረውን የሚተካ የለም። ምናለሽ ተራ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የማይቆጭ የፈረንጅ ሸክላ ግዙና በእሱ ሞክሩ።

ሸክላውን አጥቡት። የኮዬ ፈጬን ወይም የሰበታን አቧራ የሚያውቅ ለምን አይልም። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ የተጣራ ስለሆነ ይሆናል፣ ብቻ አሲዱን እንዳትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምሩ፣ በለስላሳ ጨርቅ መስመሩን ተከትላችሁ አሹ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ አቁማችሁ አድርቁ። መሀል ያለው ወረቀት አይርጠብ። በደቂቃ 78 የሚዞሩትን ከባድና ተሰባሪ ሸክላዎች ግን አልኮል አታስነኩ፣ ይሟሟሉ። መርፌያቸውም ወፍራም ስለሆነ በተራው መርፌ አታጫውቷቸው።

ካልሆነ

ኡኡ የሚል ዝቅ ያለ ድምፅ ከመጣ መጀመሪያ ግራውንድ ሽቦውን እዩ። ታስሮም ካለ ሪሲቨሩን አጥፍታችሁ ጃኮቹን ንቀሉና እንደገና አብሩ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ማጫወቻው ጋ ወይም ገመዱ ጋ ነው፤ ካልጠፋ ሪሲቨሩ ውስጥ። ድምፁን ስትጨምሩ ብቻ እያገሳ የሚያድግ ከሆነ ስፒከሩ ማጫወቻውን እያንቀጠቀጠው ነው፤ አራርቋቸው። ፍሪጅ ወይም የጎረቤት የውሃ ፓምፕ ሲነሳ "ጣ" የሚል ከሆነ የመስመሩ ነው። ከፍሪጁ ሌላ ሶኬት ላይ ሞክሩ።

አንድ ስፒከር ብቻ ከሠራ ቀዩንና ነጩን ጃክ ሪሲቨሩ ላይ አቀያይሩ፣ በየመሀሉ እያጠፋችሁ። ዝምታው ወደ ሌላው ስፒከር ከተሻገረ ጥፋቱ ከማጫወቻው በኩል ነው። ያኔ ካርትሪጁ ኋላ ያሉትን አራት ቀጫጭን ሽቦዎች እዩ። ነጭና ሰማያዊው የግራ፣ ቀይና አረንጓዴው የቀኝ ናቸው። ብዙ ጊዜ አንዷ ወልቃ ወይም ዝጋ ነው የምትገኘው። በወረንጦ ቀስ ብላችሁ አውጥታችሁ መልሱ። እዚያ ደህና ከሆነ ጃኩ ሥር የተበየደውን በቴስተር ለኩ። ካርትሪጁን ግን በቴስተር አትለኩ፣ በውስጡ ያለው ቀጭን ጥቅል ሽቦ አይችለውም።

ዝምታው እዚያው ስፒከር ላይ ከቀረ ደግሞ ጥፋቱ ሪሲቨሩ ወይም ስፒከሩ ጋ ነው። አጥፍታችሁ የምርጫ ቁልፉንና የባላንሱን ቁልፍ ደጋግማችሁ አዙሩ። የቆየ ዝገት በዚህ ብቻ ሊለቅ ይችላል። እምቢ ካለና ስፒከሩ ደህና ከሆነ ወደ ጠጋኝ የምትወስዱት ሪሲቨሩን ብቻ ነው። "ጃክ አቀያይሬ አይቻለሁ፣ የቀኙ ወገን በፎኖም በሬዲዮም አይሰማም" ወይም "በፎኖ ብቻ ነው የማይሰማው" ብላችሁ ንገሩት። በሬዲዮ ሁለቱም ስፒከር ከሠራ መፈተሽ ያለበት የፎኖው ክፍል ብቻ ስለሆነ የሚከፈለውም ያንሳል።